ከግድግዳው ወዲህ

ከሳይንት እስከ ከለላ፣ ከመካነ ሰላም እስከ ወግዲ ባለው ደጋ ዘፈን ለረጅም ጊዜ የሚገኘው በካሴት፣ ቀጥሎ በሲዲ፣ ኋላም ዘፈን ቤት ሄዶ ሜሞሪ ላይ በማስጫን ነበር። አሁን በአንዳንድ ቤት ቡፌ ላይ ካሴትም ሲዲም የማይጎርስ፣ ዘፈኑን በዋይፋይ የሚቀበል ማጫወቻ ተቀምጧል። ብዙውን ጊዜ ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከው ነው። መመሪያው የተጻፈው መብራት ለማይጠፋበትና መስመሩ ለማይቆረጥበት ቤት ስለሆነ፣ ዕቃው እዚህ ሲያስቸግር ብዙም አያግዝም። ከዚህ በታች የሚከራከሩት ጡረታ የወጡ መምህርና አንዲት የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ለክርክሩ ሲባል የተፈጠሩ ናቸው፤ ጥያቄው ግን በየቤቱ ያለ ነው።

መምህር፦ ነገሩን አታወሳስቢው ልጄ። አገሩን ታውቂዋለሽ፤ በወግዲ በኩል የአባይ ሸለቆ፣ በዚህ በኩል የደንቆሮ ተራራ። የስልክ ማማው ከአንዱ ሰፈር ፊት ለፊት ይታያል፣ ከሌላው ጉብታ ይጋርደዋል። ዘፈኑ ሲቆራረጥ፣ ማጫወቻው ድንገት ዝም ሲል ጥፋቱ የኔትወርክ ነው። ኔትወርክ ደግሞ እኔም አንቺም የምንጠግነው ነገር አይደለም። ታዲያ ምን ቀረ?

ጠጋኟ፦ ብዙ ቀርቷል ጋሼ። ያ ማጫወቻ ድምፅ እንዲያወጣ ሦስት መስመሮች መያያዝ አለባቸው። አንደኛው ከማጫወቻው እስከ ራውተሩ ያለው ነው፤ ቤትዎ ተጀምሮ ቤትዎ ያልቃል። ሁለተኛው ከራውተሩ ተነሥቶ በማማው ወይም በሽቦው በኩል ወደ አገልግሎት ሰጪው ይሄዳል። ሦስተኛው ከዚያ ወጥቶ ዘፈኑ እስከ ተቀመጠበት ኩባንያ ድረስ ነው፤ ያ ደግሞ ባሕር ማዶ ሊሆን ይችላል። የትኛውም ቢበጠስ ጆሮ የሚሰማው አንድ ዓይነት ዝምታ ነው፤ ስለዚህ ሰው በሩቁ ላይ ይፈርዳል። እኔ የምከራከረው ፍተሻው ከቅርቡ፣ ከቤቱ ይጀምር ብዬ ነው። የቤቱ ጥፋት ሰው ከሚገምተው በላይ ብዙ ነው፤ ደግሞም ያለ አንዳች ወጪ፣ የማንንም ደጅ ሳይጠኑ፣ ጥፋተኛ ወይም ንጹሕ መሆኑ ይታወቃል። ውጩን መክሰስ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

መምህር፦ እንዴት ይታወቃል? አንቺው እንዳልሽው ዝምታ ዝምታ ነው፤ ከወዴት እንደመጣ አይናገርም።

ጠጋኟ፦ ዝምታው አይናገርም፤ ዕቃው ግን ይናገራል። በዋይፋይ የሚገናኝ ዕቃ ሁሉ ከራውተሩ የአይፒ አድራሻ ይቀበላል። ስክሪን ያለው ማጫወቻ ሴቲንግ ውስጥ ያሳየዋል፤ ስክሪን ከሌለው በራውተሩ ገጽ ላይ ከተገናኙት ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ይፈለጋል። በአብዛኛው ቤት ቁጥሩ የሚጀምረው በ192.168 ነው፤ እንዲህ ከሆነ ሁለቱ ተነጋግረዋል። በ169.254 ከጀመረ ግን ማጫወቻው አድራሻ ጠይቆ መልስ አጥቷል ማለት ነው፤ ያ ክልል መልስ ያጣ ዕቃ ለራሱ ቁጥር እንዲያወጣ ተብሎ በዓለም ዙሪያ የተተወ ነው። ይህን ቁጥር ያየ ሰው ማማው ቢቆምም ቢወድቅም ለዚህ ጉዳይ ለውጥ እንደማያመጣ ያውቃል። ሁለተኛው ማስረጃ ይበልጥ ጆሮ ይገባል። ላፕቶፕ ላይ ወይም ራውተሩ ላይ በተሰካ ፍላሽ ያለ ዘፈን፣ የማሪቱ ለገሠ አምባሰል ይሁን የፈለጉት፣ በዋይፋዩ በኩል ወደ ማጫወቻው ይላኩ። ከዚያ ራውተሩ በሲም የሚሠራ ከሆነ ሲም ካርዱን ያውጡት። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል፤ የቤት ኔትወርክ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሲሙ ወጥቶም ዘፈኑ ሳይቆራረጥ ከፈሰሰ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ክሱን ወደ ውጭ ይውሰዱት። ከተቆራረጠ ግን ጥፋቱ ከግድግዳው ወዲህ ነው፤ የትኛውም ድርጅት አይከሰስበትም።

መምህር፦ ይህ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። ስልኬ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ዋይፋይ ቪዲዮ ሳይቀር ይከፍታል። ዋይፋዩ ስልኬን ካላስቸገረ ማጫወቻውን የሚያስቸግርበት ምክንያት ምንድን ነው?

ጠጋኟ፦ ስልክ መጥፎ ምስክር ነው ጋሼ። መጀመሪያ ነገር ስልክዎ ዋይፋዩ ሲደክም ሳያማክርዎት ወደ ሞባይል ዳታ የሚዞርበት ጊዜ አለ፤ እርስዎ በዋይፋይ ያዩ እየመሰለዎት ፓኬጅዎን ይበላል። ስለዚህ ምስክርነቱን ከመቀበል በፊት ዳታውን ማጥፋት ነው። ቀጥሎ ስልክ በእጅ ነው ያለው፤ ሲያስቸግር ሰው ሳያውቀው ወደ በር ወይም ወደ መስኮት ይጠጋል። ማጫወቻው ግን የተቀመጠው የት ነው? ቡፌው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ከዲኮደሩ ሥር። የዋይፋይ ሞገድ በብረት አያልፍም፤ ተመትቶ ይመለሳል። የቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ የብረት በሩ፣ ፍሪጁ፣ የቆርቆሮ ክፍልፋዩ ሁሉ ለእሱ ግንብ ናቸው። የጭቃና የእንጨት ግድግዳ ይሻላል፤ የጥንቱ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ግን አንድ ብቻውን ብዙ ይቀንሳል፣ ሁለት ከሆነ አይነሣ። ራውተሩ በሁለት ሞገድ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ስልክዎ ፈጣኑን፣ የ5 ጊጋኸርትዙን ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ማጫወቻ፣ በተለይ የቆየው፣ የሚያውቀው 2.4 ጊጋኸርትዝ ብቻ ነው። በአንድ ስም፣ በአንድ ፓስወርድ፣ ሁለቱ በሁለት መንገድ ላይ ናቸው። የሞገዱን ጉልበት የሚለካ አፕ በነጻ ይገኛል፤ ስልኩን ቡፌው ውስጥ፣ ማጫወቻው በተቀመጠበት ቦታ አስቀምጠው ያንብቡት። ከዜሮ በታች 50 ዲቢኤም ከሆነ በጣም ጥሩ ነው፣ እስከ 67 ድረስ ይሠራል፣ ወደ 80 ከወረደ ለዘፈን አይመኩበት። ቁጥሩ በየ3 ሲወርድ የሚደርሰው ጉልበት በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ማጫወቻውን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥቶ አንድ ክንድ ያህል ማራቅ ቀላል ነገር አይደለም።

መምህር፦ እሺ፣ ቦታው ይሁን። የፍጥነት ማነስስ? የኛ መስመር ቀርፋፋ መሆኑን ልትክጂ አትችዪም።

ጠጋኟ፦ አልክድም፤ ግን ሒሳቡን እንሥራው። እርስዎ መምህር ነዎት። ጥራቱ ከፍ ያለ የኤምፒ3 ዘፈን በሰከንድ 320 ኪሎቢት ይፈልጋል። በሰዓት 144 ሜጋባይት መሆኑ ነው። ጥራቱን ዝቅ አድርገው በ96 ቢሰሙ በሰዓት 43 ሜጋባይት ገደማ ነው። በሌላ በኩል አንድ አንቴና ብቻ ያለው ርካሽ የ2.4 ጊጋኸርትዝ ዕቃ በወረቀት ላይ እስከ 72 ሜጋቢት በሰከንድ ይሸከማል። ግማሹ፣ ሩቡ፣ አሥረኛው እንኳ ቢቀር ለዘፈኑ ይተርፋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ፍጥነት አነሰ የሚለው ክስ አያስኬድም፤ የሚያቆራርጠው የሚጠፋው ዳታ ነው። ቁራሽ ዳታ መንገድ ላይ ሲጠፋ ራውተሩ ደግሞ ይልከዋል፣ ያም ሲጠፋ ደግሞ ይልከዋል፤ ማጫወቻው በጎተራው ያስቀመጠው የጥቂት ሰከንድ ዘፈን እስኪያልቅ ይታገሣል፣ ከዚያ ዝም ይላል። የፍጥነት መለኪያ አፕ ይህን አያሳይም። የሚያሳየው ፒንግ ነው፤ ከስልክ ወደ ማጫወቻው አድራሻ መቶ ጊዜ ጠርቶ ስንቱ እንደተመለሰ መቁጠር። ከመቶው አምስት ስድስት ከቀረ፣ ወይም የመልሱ ጊዜ አንዴ አጭር አንዴ በጣም ረጅም ከሆነ፣ አየሩ ተጨናንቋል። 2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚሄዱት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው፤ ሱቆች በተደረደሩበት ጎዳና የየሱቁ ዋይፋይና የየሰዉ ሆትስፖት እነዚህን ሦስት ይሻማል። ብሉቱዙም እዚያው ነው። ራውተሩ «ኦቶ» ከተባለ ሲነሣ ያገኘውን ቻናል ይይዝና እዚያው ሊሰነብት ይችላል፤ ባዶውን መርጦ በእጅ ማሰር ይሻላል።

መምህር፦ አሁን ነገሩ ወደ ቤቴ እየገባ ነው። የኔ ራውተር ሲም ካርድ ያለው ነው፤ መስኮቱ ላይ ያስቀመጥኩት ማማውን እንዲያይ ነው። ከዚያ ካነሣሁት ኢንተርኔቱ ይሞታል። አንቺ ደግሞ ወደ ማጫወቻው አስጠጉት ልትይ ነው።

ጠጋኟ፦ የዚህ አገር ትልቁ ችግር ይኸው ነው፤ በየትኛውም መመሪያ ላይ ግን አላየሁትም። በፋይበር ለሚገባ ቤት ራውተሩን ማንቀሳቀስ የኬብል ማስረዘም ጉዳይ ነው። በሲም ለሚሠራው ግን አንዱ ሣጥን ሁለት ሥራ ይዟል፤ በአንድ ጆሮው ማማውን ይሰማል፣ በአፉ ለቤቱ ይናገራል። ማማውን የሚሰማበት ምርጥ ቦታ ብዙ ጊዜ ከቤቱ ዳር፣ ከፍ ባለ መስኮት ላይ ነው። ለቤቱ የሚናገርበት ምርጥ ቦታ ደግሞ መሀል ቤት ነው። ሰው ሁለቱን ለማስታረቅ ብሎ መሀል ላይ ያስቀምጠውና ሁለቱንም ያጣል። መታረቅ የለባቸውም፤ መለያየት ነው ያለባቸው። ራውተሩ መስኮቱ ላይ ይቆይ፤ ከጀርባው የኔትወርክ ኬብል ስበው ወደ ሳሎን ያምጡት። ኬብሉ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ኪሳራ ይሄዳል፤ እንዲህ የሚረዝም ቤት ደግሞ አላውቅም። ማጫወቻው የኬብል ቀዳዳ ካለው እዚያው ይሰኩት፤ የግድግዳው፣ የቻናሉ፣ የቴሌቪዥኑ ጉዳይ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀራል። ከሌለው ኬብሉ ጫፍ ላይ ሁለተኛ ትንሽ ዋይፋይ ይሰካና እሱ ለሳሎኑ ይናገር። የአየር ላይ ማራዘሚያ የሚባለውን ግን አልመክርዎትም። ብዙዎቹ በአንዱ ሞገድ ይሰማሉ፣ በዚያው ሞገድ ይናገራሉ፤ መንገዱን እጥፍ ያጨናንቁታል። ኬብሉ ሌላም ጥቅም አለው፤ ለጊዜው መሬት ላይ ጥለው ቢሞክሩት እንኳ ፍርድ ይሰጣል። በኬብል የሚጫወት፣ ያለ ኬብል የሚቆራረጥ ከሆነ ጥፋተኛው አየሩ ነው፤ ክርክሩ አለቀ።

መምህር፦ አንቺ ስትዘረዝሪ እኔ ግን የማውቀው መድኃኒት አንድ ነው። ዋይፋዩን አጠፋዋለሁ፣ አበራዋለሁ፣ ይሠራል። የሚሠራ መድኃኒት እያለ ምርመራ ለምን?

ጠጋኟ፦ ስለሚሠራ ነው የማልወደው። ሲያጠፉት ማስረጃው ሁሉ ይጠፋል፤ የያዘው አድራሻ፣ የነበረበት ቻናል፣ የመዘገበው ስሕተት። ነገ ያው ይመለሳል፣ እርስዎም ያው ያጠፉታል። መጀመሪያ አድራሻውን ያንብቡ፣ ከዚያ ያጥፉ። ሲያጠፉም ቅደም ተከተል አለው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ዕቃው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሣል፤ ማጫወቻው ፈጥኖ ይነቃል፣ ራውተሩ ግን ማማውን ፈልጎ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ሊፈጅበት ይችላል። ማጫወቻው በዚህ መሀል ይፈልገውና ያጣዋል። አንዳንዱ ደጋግሞ ይሞክራል፣ አንዳንዱ ተስፋ ቆርጦ ይቀመጣል። ስለዚህ ከመብራት በኋላ ራውተሩ ረግቶ ሳያበቃ ማጫወቻውን አለመሰካት ነው። ሌላም አለ፤ ርካሽ ራውተር መብራት ሲጠፋበት ለማን የትኛውን አድራሻ እንደሰጠ ይረሳል። ስልክዎ ግን ባትሪ አለውና የድሮ አድራሻውን እንደያዘ ነው፤ ራውተሩ ያንኑ ቁጥር ለማጫወቻው ሲሰጥ ሁለቱ በአንድ ቁጥር ይጋጫሉ። አንዴ የሚሠራ፣ አንዴ የማይሠራ፣ ሰው ሰይጣን ያለበት ነው የሚለው ዕቃ አንዳንዴ እንዲህ ያለው ነው። መድኃኒቱ ራውተሩ ገጽ ላይ ለማጫወቻው ቋሚ አድራሻ መመደብ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ሥራ።

መምህር፦ ማጫወቻው ዋይፋዩን ይዟል፣ ስልኩም ይዟል፣ አፑ ግን «ማጫወቻ አልተገኘም» ይላል። ይህስ የማን ጥፋት ነው?

ጠጋኟ፦ አሁንም የቤቱ። አፑ ማጫወቻውን የሚያገኘው በቤቱ ላለው ሁሉ በአንድ ጊዜ በመጣራት ነው፤ «ማጫወቻ የሆነ አቤት ይበል» እንደማለት። ራውተሩ ይህን ጥሪ ካላሳለፈ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አይተዋወቁም። የማያሳልፍበት ምክንያት ብዙ ጊዜ አንዱ ዕቃ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ መሆኑ ነው፤ እሱ የተሠራው እንግዳ የቤቱን ዕቃዎች እንዳያይ ነውና። ሌላው ምክንያት እዚህ አገር ብዙ ሰው ስልክ ላይ ያለው ቪፒኤን ነው። ቪፒኤን ሲበራ ስልኩ ጥሪውን ሁሉ ወደ ሩቅ አገር ይልከውና ጎረቤት ክፍል ያለውን ማጫወቻ ላያይ ይችላል። አጥፍተው ይሞክሩ፤ ምንም ወጪ የለውም። ዋይፋዩ የስልክ ሆትስፖት ከሆነ ደግሞ ስልኩ የሚገናኘው ዕቃ ሲያጣ ሆትስፖቱን የሚያጠፋበት ሴቲንግ አለ፤ እሱን መዝጋት ነው።

መምህር፦ እንግዲህ ቤቱን ሁሉ ከሰስሽው። እኔም ልክሰስ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ያን ጊዜ ቻናል ቢቀየር፣ ኬብል ቢሳብ፣ ማጫወቻው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ቢወጣ ምን ለውጥ ያመጣ ነበር? ለዚህ አገር እውነቱ ውጩ ነው።

ጠጋኟ፦ ከሁሉም ከባዱ ይህ ነው ጋሼ፤ ግን ክርክሬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ያን ጊዜ ሁለተኛውና ሦስተኛው መስመር ተዘግተዋል፤ የመጀመሪያው ግን ማንም አልዘጋውም። ቤቱ በትክክል የተዘረጋለት ሰው ዘፈኑን ከራሱ ላፕቶፕ ወይም ራውተሩ ላይ ከተሰካው ፍላሽ ሊሰማ ይችል ነበር። አንድ 64 ጊጋባይት ፍላሽ በከፍተኛ ጥራት ከ6 ሺህ በላይ የአራት አራት ደቂቃ ዘፈን ይይዛል። ለኛ ሰው ይህ ልማድ አዲስ አይደለም፤ ዘፈን ቤት ሄዶ ሜሞሪ ያስጫነ ሁሉ የራሱን ቤተ መዛግብት እያከማቸ ነበር። የሚጎድለው ያንን ክምችት ከቡፌው ማጫወቻ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው። የቤቱን መስመር ሳያውቅ ዕድሜውን ሙሉ ከውጭ ብቻ የሰማ ሰው ግን ውጩ ሲዘጋ ቤቱም የተዘጋ ይመስለዋል።

መምህር፦ ስለዚህ ውጩ መቼም ጥፋተኛ አይሆንም ልትዪኝ ነው?

ጠጋኟ፦ አይደለም፤ ይሆናል፣ አንዳንዴም በማይታመን መንገድ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በዓለም ዙሪያ ከቴሌቪዥን ጋር የሚሰካው የጉግል ሁለተኛው ክሮምካስትና ለድምፅ ብቻ የተሠራው ክሮምካስት ኦዲዮ ድንገት ሥራ አቆሙ። ዋይፋዩም ኢንተርኔቱም ደህና ነበር። ምክንያቱ በዕቃዎቹ ውስጥ የተቀመጠው፣ እውነተኛነታቸውን የሚያረጋግጠው የአሥር ዓመት ዲጂታል የምስክር ወረቀት ጊዜው ማለፉ ነበር። ኩባንያው ከቀናት በኋላ ማስተካከያ ላከ። በዚያ ሳምንት ራውተሩን ያጠፋና ያበራ፣ አልፎም ማጫወቻውን ወደ ፋብሪካ ሴቲንግ የመለሰ ሰው ነገሩን አባሰው እንጂ አልፈታውም። ስኩዊዝቦክስ የሚባለው የሎጂቴክ የኔትወርክ ማጫወቻ ደግሞ ሌላ ምሳሌ ነው። ማምረቱ በ2012 እ.ኤ.አ. ቆመ፤ ኩባንያው የሚያስተዳድረው የኢንተርኔት አገልግሎትም በ2024 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ከቤት ኮምፒውተር ጋር አገናኝተው የሚሰሙት ግን ዛሬም ይሰማሉ፤ ሶፍትዌሩን ተጠቃሚዎቹ ሊርዮን በሚል ስም ይዘውታል። ያው ዕቃ ነው፤ በመጀመሪያው መስመር ላይ የቆመው ሲተርፍ፣ በሦስተኛው ላይ ብቻ የተመካው ብዙ አጥቷል።

የምስክር ወረቀቱ ነገር ለኛ ሌላ ገጽታም አለው። አንዳንድ ሰው ላፕቶፑን ወይም ስልኩን በእጁ በኢትዮጵያ ዓመት ይሞላዋል። ዕቃው ግን የገባው የፈረንጅ ዘመን እንደሆነ አድርጎ ነው የሚያነበው፤ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ከዚያ ዘፈን ሰጪው ኩባንያ የሚያሳየው የምስክር ወረቀት ገና ያልተጻፈ ይመስለውና «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ይዘጋል። ሰውየውም ኔትወርክ የለም ይላል። ቀኑን በራሱ እንዲሞላ መልቀቅና የኛን አቆጣጠር የሚያሳይ አፕ ለብቻው መጫን ነው።

መምህር፦ ይህ ሁሉ ከሚሆን ፍላሹን ማጫወቻው ላይ ሰክቼ፣ ወይም በብሉቱዝ ብሰማ አይቀልም?

ጠጋኟ፦ ለአንድ ክፍል ይቀላል፤ አልከራከርዎትም። ብሉቱዝ ግን በስልክዎ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው። ስልክ ሲደወል ዘፈኑ ይቆማል፣ ስልኩ ከቤት ሲወጣ ዘፈኑም አብሮ ይወጣል። ፍላሹ ይሻላል፤ የማይበጠስ መስመር ስላለው። የዋይፋይ ማጫወቻ ጥቅሙ የሚታየው ከአንድ ክፍል በላይ፣ ከአንድ ሰው በላይ ሲሆን ነው፤ እዚያ ደግሞ የቤቱን መስመር ማስተካከል ግዴታ ነው። ውጭ ላለው ዘመድ «ላክልኝ» ከማለትዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ ከጀርባው የኔትወርክ ኬብል ቀዳዳ አለው ወይ? ያለ አካውንትና ያለ ኢንተርኔት፣ ከቤት ውስጥ ካለ ፍላሽ ወይም ላፕቶፕ ያጫውታል ወይ?

መምህር፦ ሁለቱም ከሌለው?

ጠጋኟ፦ ያኔ ገንዘቡን ጥሩ ድምፅ ማጉያ ይግዛበት፤ ስልክዎን በሽቦ ይሰኩበታል።